ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፦ በሜሪላንድ ለልጆችና ለወጣቶች የአእምሮ ጤና እርዳታ የሚገኝበት መንገድ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ለሌላ ታካሚ ላስተረጉም ሄጄ ተራ እጠብቃለሁ። አንዲት እናት ከአሥራ አራት ዓመት ልጇ ጋር ነርሷ ፊት ቆማለች። እናትየው ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ሌሊት እንደማትተኛ፣ ምግብ እንደተውክ፣ ከክፍልህ እንደማትወጣ ንገራት» አለችው። ልጁ ወደ ነርሷ ዞረና በእንግሊዝኛ «እናቴ ሁሉም ነገር ደህና ነው ትላለች» አለ። ነርሷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እናትየው መልእክቷ የደረሰ መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

በልጁ አልፈርድም። ገመናውን በገዛ አፉ እንዲያወጣ የታዘዘ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ነገር ግን ያ ቤተሰብ እርዳታ ካለበት ክፍል ውስጥ ገብቶ ባዶ እጁን ወጣ። ለዓመታት በትምህርት ቤት ስብሰባዎችና በሐኪም ክፍሎች ሳስተረጉም ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። አገልግሎቱ አለ፤ የሚከፈተው ግን በተወሰኑ ቃላት ነው፤ ቃላቱን መናገር ያለበትም ወላጁ ነው እንጂ የታመመው ልጅ አይደለም።

የምጽፈው በዋናነት ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩበት ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወደ መጨረሻው ላይ የሚበቃችሁን አስቀምጣለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኳቸው እንዳሉ አንብባችሁ በስልክ እንድትናገሯቸው ነው።

ለነገ የማይባል ከሆነ

ልጁ ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረ፣ መሰናበቻ የሚመስል ነገር ከጻፈ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ከሆነ፣ የቀረውን ጽሑፍ ተዉትና ስልክ አንሡ።

988 ላይ ደውሉ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ነጻ መስመር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሰው አለበት። ሰው ሲያነሣ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» በሉ። ከዚያ መስመሩ ጸጥ ሊል ይችላል፤ የተቋረጠ መስሏቸው ስልኩን የሚዘጉ ብዙ ናቸው። አትዝጉ፤ አስተርጓሚ እየፈለጉ ነው። በድምፅ መናገር የሚያሳፍረው ወጣት በዚሁ ቁጥር በእንግሊዝኛ የጽሑፍ መልእክት መላክ ይችላል።

ሮክቪል፣ 1301 ፒካርድ ድራይቭ ላይ የካውንቲው የቀውስ ማእከል አለ። ስልኩ 240-777-4000 ነው። በዓመት ውስጥ የሚዘጋበት ቀን የለም፤ ያለ ቀጠሮ ልጃችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ልጁ ከቤት አልወጣም ካለ ወደ ቤት የሚመጣ የባለሙያዎች ቡድን መኖሩን በስልክ ጠይቁ።

መሣሪያ ካለ ወይም ጉዳት ከደረሰ 911 ነው። ስትደውሉ «ሜንታል ኸልዝ ክራይሲስ» በሉ፤ የልጁን ዕድሜ ተናገሩ፤ መሣሪያ ከሌለው እንደሌለው በግልጽ ንገሯቸው፤ «ሲ አይ ቲ ኦፊሰር» እንዲላክም ጠይቁ። ይህ ማለት የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው እንዴት መያዝ እንዳለበት የሠለጠነ ፖሊስ ማለት ነው። የጥቁር ልጅ ወላጅ ሆኖ ፖሊስ መጥራት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። አደጋው በዚያች ደቂቃ ካልሆነ ቀደም ብዬ የጻፍኩትን የማእከሉን ቁጥር አስቀድሙ የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ ክኒን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ታይሌኖል ከየቤታችን የማይጠፋ ስለሆነ ከባድ መድኃኒት አይመስለንም። በብዛት የዋጠ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደህና መስሎ ሊውል ይችላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። «አስመለሰው፣ አሁን ተሽሎታል» ብላችሁ አታስተኙት። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የመርዝ መረጃ መስመርም በ1-800-222-1222 ሃያ አራት ሰዓት ይመልሳል። ልጃችሁ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የቤቱን መድኃኒት ሁሉ፣ የአያትን የደም ግፊት ክኒን ጨምሮ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገቡ።

ከድንገተኛ ክፍል ስትወጡ የደኅንነት እቅድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ማን መቼ እንደሚያየው፣ ማታ ቢብስበት ማን ጋ እንደሚደወል ሳታውቁ አትፈርሙ።

አንደኛ፦ ሁለት ሳምንት በደብተር

አስቸኳይ ካልሆነ መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ሐኪም ቤት ገብቶ «ጠባዩ ተለወጠብኝ» ማለት አይበቃም፤ ሐኪሙ የሚሠራበት ነገር ይፈልጋል። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ምን በላ፣ ከትምህርት ቤት ስንት ቀን ቀረ፣ ከየትኛው ጓደኛው ተለየ፣ ምን ተናገረ። በአማርኛ ጻፉት፤ ማስተርጎም የአስተርጓሚው ሥራ ነው።

በእኛ ልጆች ላይ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ይመጣሉ። ሰኞ ጧት የሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ «ጨጓራዬ ነው»። በጁላይ ሙቀት ረጅም እጅጌ የምትለብስ ልጅ እጇን እየቆረጠች ሊሆን ይችላል። ልጆች ሲጨነቁ ሁልጊዜ አያለቅሱም፤ ይቆጣሉ፣ በር ይወረውራሉ፣ ይሳደባሉ። እኛ ይህን ባለጌነት እንለዋለን። ባለጌነትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ለውጥ ጋር ሲመጣ ግን ሐኪም ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ በየትኛውም የክሊኒክ ቅጽ ላይ የማይጠየቅ ታሪክ አለና። አባት ወይም እናት ቀድመው መጡ። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አያቱ ጋ ቀረ። ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ ገንዘቡ እስኪሞላ ዐሥር ዓመት አለፈ። አሁን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ፤ አበባ ተያዘ፣ ተለቀሰ፣ ፎቶ ተነሣ። በስድስተኛው ወር ቤቱ ውስጥ ንግግር ጠፋ። እናት «ለእሱ ብዬ ወጣትነቴን በሌሊት ሥራ ጨረስኩት፤ እሱ ግን ዐይኔን አያየኝም» ትላለች። ልጁ ደግሞ እናቴ ብሎ የሚያውቃት አያቱን ትቶ መጥቷል፤ ሐዘን ላይ ነው፤ ሐዘንተኛ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም፤ ለቅሶ የደረሰውም የለም። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስንት ዓመት እንደተለያያችሁና ልጁን ማን እንዳሳደገው ጻፉ። ባለሙያው ከእንቅልፉ ሰዓት ይልቅ ይህን ማወቁ ሊጠቅመው ይችላል። እስከዚያው ልጁ ከአያቱ ጋር በሳምንት የተወሰነ ቀን በስልክ እንዲገናኝ አድርጉ። ፍቅሯ ከእናንተ ፍቅር አይቀነስም።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን በስሙ መጠየቅ

ብዙ ወላጆች «ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻውን የተሸከመውን ልጅ ያሳርፈዋል እንጂ። በማእድ ዙሪያ፣ ታናናሾቹ ባሉበት አትጠይቁት። መኪና ውስጥ፣ ዐይን ለዐይን ሳትተያዩ፣ ይቀላል። «ከሰሞኑ ከብዶህ እንደሰነበተ አይቻለሁ። ባልኖር ይሻላል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። ዝም ካለ ዝምታውን ታገሡ። «አዎ» ካለ አትጩኹ፤ «አንተ ምን ጎድሎህ!» አትበሉ። «ስለ ነገርከኝ አመሰግንሃለሁ፤ ብቻህን አልተውህም» በሉትና ከላይ ወደ ጻፍኩት ወደ 988 ወይም ወደ ማእከሉ ስልክ ተመለሱ።

ሌሊት የምትሠሩ ወላጆች ይህን ውይይት ወደ እረፍት ቀናችሁ አታስተላልፉት። ከፈረቃ ስትመለሱ ወደ ትምህርት ቤት የምታደርሱበት ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ የሕፃናት ሐኪሙ ዘንድ

ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ክትባት የሚሰጠው የሕፃናት ሐኪም ጋ ደውሉ። ወረፋው ያጥራል፣ ልጁም ያውቀዋል። ቀጠሮ ስትይዙ እንዲህ በሉ፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር። ኢት ኢዝ አባውት ማይ ቻይልድስ ሜንታል ኸልዝ።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ረዘም ያለ ጊዜ እንዲመድቡላችሁ ይረዳል።

አስተርጓሚው ውለታ አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በቋንቋው ምክንያት እንዳይገፋ ያግደዋል፤ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን፣ የሚቀበል ክሊኒክ ከእነዚህ አንዱ ነው። የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ 1557ኛ አንቀጽና ደንቦቹ ደግሞ፣ ሕይወትን ከሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ በቀር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሕክምና እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላሉ። ለአስተርጓሚው አትከፍሉም። «ልጁ እንግሊዝኛ ይችል የለ?» ቢሏችሁ መልሱ አጭር ነው፦ «ሂ ኢዝ ዘ ፔሸንት።» ታካሚው እሱ ነው።

ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ለብቻችሁ የምትናገሩበት ጥቂት ደቂቃ፤ ልጁም በተራው ለብቻው ይናገር። ሁለተኛው፣ የድባቴ መለኪያ ቅጽ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ምርመራው እንዲደረግ ይመክራል። በስፋት የሚሠራበት ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው ነው፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ የአማርኛ ቅጂም አለው። በቅርቡ የመጣ ልጅ በአማርኛው ይሙላ። ከዘጠኙ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከዜሮ በላይ ከተሞላ በዚያው ቀን ውይይት ሳይደረግበት አትውጡ።

ሐኪሙ «ይህ ከእኔ ሙያ ውጭ ነው፤ ሳይካትሪስት ፈልጉ» ብሎ ቢያሰናብታችሁ፣ በሜሪላንድ ቢ ኤች አይ ፒ ፒ የሚባል አገልግሎት እንዳለ አስታውሱት። ከ2012 ጀምሮ የሕፃናት ሐኪሞች በስልክ የልጆች ሳይካትሪስት እንዲያማክሩ ያስችላል። ሐኪማችሁ አማክሮ ራሱ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ይህም ወራት የሚፈጅ ወረፋን ያሳጥራል።

አራተኛ፦ የመድን ካርዱ

ወላጆች ደክሟቸው የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በሜሪላንድ ሜዲኬይድ ካላችሁ ካርዱ ላይ ፕራዮሪቲ ፓርትነርስ ወይም የሌላ ድርጅት ስም ይኖራል። የጉንፋኑና የክትባቱ ክፍያ በዚያ ድርጅት በኩል ያልፋል። የቴራፒስት (በንግግርና በምክር የሚያክም ባለሙያ) እና የሳይካትሪስት ክፍያ ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኬሬሎን የተባለ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቴራፒስት ጋ ደውላችሁ «ፕራዮሪቲ ፓርትነርስ ትቀበላላችሁ?» ስትሉ «አንቀበልም» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ መልሱም ትክክል ነው፣ ጥያቄው እንጂ የተሳሳተው። «ዱ ዩ አክሴፕት ሜሪላንድ ሜዲኬይድ?» በሉ። ስድስት ቦታ ተመልሳ ሰባተኛው ላይ በዚህች ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀጠሮ ያገኘች እናት አውቃለሁ።

ሜዲኬይድ ላይ ያለ ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ለጤናው አስፈላጊ የሆነ ሕክምና ሁሉ እንዲሸፈንለት የፌዴራሉ ሕግ ያዛል፤ የአእምሮ ሕክምናም በዚያ ውስጥ ነው። ለልጆች ሜዲኬይድ ማመልከት በሜሪላንድ ዓመቱን ሙሉ ይቻላል።

የሥራ ቦታ መድን ካላችሁ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ «ኢን ኔትወርክ» የሆኑ፣ ማለትም ከመድናችሁ ጋር ውል ያላቸው፣ የልጆች ቴራፒስቶችን ዝርዝር ጠይቁ። ሆቴል፣ ሆስፒታል ወይም ትልቅ ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ የሠራተኞች አስተዳደርን «ኢ ኤ ፒ አለን ወይ?» በሏቸው። ብዙ አሠሪዎች ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ጥቂት የምክር ቀጠሮዎችን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

መድን የሌለው፣ በወረቀት ምክንያት ሜዲኬይድ የማያገኝ ልጅ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ኬር ፎር ኪድስ በሚባለው ፕሮግራም መታየት ይችላል። የካውንቲው የመረጃ መስመር በሆነው በ311 ላይ፣ ከካውንቲው ውጭ ስልክ ከሆነ 240-777-0311 ላይ ደውላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፦ ትምህርት ቤቱ፣ በወረቀት

ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ካውንስለሩ፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪው፣ የዕለት ችግሩን ይሰማል፤ ሳይኮሎጂስቱ ይመረምራል፤ ፒ ፒ ደብሊው የሚባለው ሠራተኛ ደግሞ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ጉዳይ፣ የቤት ኪራይና የምግብ ችግር ሳይቀር ይመለከተዋል። ካውንቲው ከ1993 ጀምሮ የሚያካሂደው ሊንኬጅስ ቱ ለርኒንግ የተባለ ፕሮግራም በተመረጡ የአንደኛ ደረጃና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የልጆች ምክርና ለቤተሰብ የሚሆን ድጋፍ ይሰጣል፤ በተወሰኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የጤና ማእከላት አሉ። በልጃችሁ ትምህርት ቤት የትኛው እንዳለ ካውንስለሩን ጠይቁ። ልጁ የክፍል ሰዓቱ ላይ እዚያው ስለሚታይ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ለማይችል ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሕመሙ ትምህርቱን ከነካው ሁለት የሕግ መንገዶች አሉ። አንዱ 504 የሚባለው እቅድ ነው፤ ከ1973ቱ ሕግ የመጣ ሲሆን ለፈተና ተጨማሪ ጊዜን፣ ጭንቀት ሲይዘው ከክፍል የመውጣት ፈቃድንና የመሳሰሉትን ይሰጣል። ሌላው አይ ኢ ፒ ነው፤ ልዩ ትምህርትና አገልግሎት ለሚያስፈልገው ልጅ የሚዘጋጅ ጠንከር ያለ እቅድ ነው።

ዋናው ቁም ነገር በቃል የተነገረ ጥያቄ ሰዓት አያስቆጥርም። «ለመምህሯ ነግሬያት ነበር» እያሉ ዓመት ያለፋቸው ቤተሰቦች አይቻለሁ። በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ግን በሜሪላንድ ደንብ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ90 ቀናት፣ ምርመራውን ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ግምገማውን ሊጨርስ ይገባል። ደብዳቤው ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ቀን ____። ለርእሰ መምህር። ልጄ ____ የ____ ክፍል ተማሪ ነው። ከ____ ወር ጀምሮ ከትምህርት ____ ቀን ቀርቷል፤ ውጤቱ ከ____ ወደ ____ ወርዷል፤ ሐኪሙ ____ እንዳለበት ነግሮናል። ለልዩ ትምህርት ወይም ለ504 እቅድ ብቁ መሆን አለመሆኑ እንዲገመገም በጽሑፍ እጠይቃለሁ። በስብሰባዎች ሁሉ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሰነዶቹም በአማርኛ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ፊርማ።»

ከተቻለ የእንግሊዝኛ ትርጉም አያይዙበት፤ በኢሜይል ላኩና ቀኑን አስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ በስብሰባው የሚጠቀምባቸውን ሰነዶች ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀናት አስቀድሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። የቤት ቋንቋችሁ በካውንቲው ተማሪዎች ዘንድ ከአንድ በመቶ በላይ የሚነገር ከሆነ ደግሞ የተጠናቀቀው እቅድ ተተርጉሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ካልመጣ አትፈርሙ፤ ሌላ ቀን ይያዝ። አንድ ጊዜ አስተርጓሚ ሳይጠሩ አባትየውን አስቀምጠው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የልጁን እኅት ጠርተው ሲያስተረጉሟት ደርሻለሁ። ልጅቱ የወንድሟን ምርመራ ውጤት ለአባቷ እያነበበች ታለቅስ ነበር። ብቻችሁን ከበዳችሁ ፓረንትስ ፕሌስ ኦቭ ሜሪላንድ የተባለ ድርጅት የልዩ ፍላጎት ልጆች ወላጆችን ያለ ክፍያ ይመክራል።

ስድስተኛ፦ ቴራፒስት መምረጥ

አማርኛ የሚናገር የልጆች ቴራፒስት ጥቂት ነው፤ ያለውም ወረፋው ረጅም ነው። እኔ ልጁን ጠይቁት እላለሁ። በቅርቡ የመጣ ልጅ በአማርኛ ካልሆነ ልቡ አይወጣም። እዚህ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን «ቤተ ክርስቲያን ላይ ታገኘኛለች፣ ለሰው ትናገራለች» ብላ ከሐበሻ ባለሙያ ትሸሽ ይሆናል። ባለሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢሆንም ፍርሃቷን አክብሩላት። ከእናንተ ጋር በሚደረገው ክፍል ብቻ አስተርጓሚ ሊገባ ይችላል።

ቢያንስ ሦስት ቦታ ወረፋ ያዙ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ደውላችሁ የተሰረዘ ቀጠሮ እንዳለ ጠይቁ። ስታገኙም ጠይቁ፦ ከዚህ ዕድሜ ልጅ ጋር ምን ያህል ሠርተዋል? ወላጆችን በየስንት ጊዜው ያነጋግራሉ? ልጄ ከሚነግርዎት የትኛውን ይነግሩኛል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። በሜሪላንድ ሕግ ከ2021 ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ባለሙያው ብስለት አለው ካለ በራሱ ፈቃድ የምክር አገልግሎት ማግኘት ይችላል፤ አሥራ ስድስት ሳይሞላው ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት አይጀምርም። ቴራፒስቱ ሁሉን አልነግራችሁም ቢል ልጁን ከእናንተ መንጠቁ አይደለም። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ይነግራችኋል።

ጸበሉ፣ ጾሙና ጸሎቱ

ሕክምና መጀመር ጸበል መተው አይደለም። ለንስሐ አባት፣ ለፓስተር ወይም ለኢማም መንገር ልጁን ሊያጽናናው ይችላል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት በጸበል ወይም በጸሎት ምክንያት በድንገት አታቋርጡ፤ አንዳንዶቹን በድንገት ማቆም በራሱ ያሳምማል። ጾም ሲገባ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋም አለ። ምግብ በመፍራት የታመመች ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሕመሟን መሸፈኛ ሊሆንላት ይችላል። የታመመ ሰው እንዳይጾም እንደሚፈቀድለት አባቶችም ኢማሞችም ያውቃሉ፤ እናንተ ሄዳችሁ ፈቃዱን ጠይቁላት፣ እሷ እንድትጠይቅ አትተዉት።

«ልጆቼን ይወስዱብኛል»

ይህን ፍርሃት በየቤቱ እሰማለሁ። ለልጅ የምክር አገልግሎት መጠየቅ በራሱ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አያስከስስም። መምህር፣ ሐኪምና ቴራፒስት ግን ልጅ ተደብድቧል ወይም ተጥሏል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። በቀበቶ የተመታ፣ ሰውነቱ ላይ ምልክት ያለበት ልጅ ጉዳይ ሪፖርት ይደረጋል። ያደግንበት አቀጣጥ እዚህ ያስጠይቃል፤ ልጁንም አላዳነውም። እጃችሁን ካነሣችሁና ማቆም ከፈለጋችሁ ለባለሙያው «ሌላ መንገድ አስተምሩኝ» በሉ። የወላጆች ሥልጠናና የቤተሰብ ምክርን የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ መስመር በሆነው በ211 ደውላችሁ ማፈላለግ ትችላላችሁ። የስደት ወረቀት ጉዳይ ያለባችሁ ማንኛውንም የመንግሥት ድጋፍ ከማመልከታችሁ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ፤ 988ና የቀውስ ማእከሉ ግን ጠበቃ እስክታገኙ የሚቆዩ አይደሉም።

ዲሲና ቨርጂኒያ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የመጀመሪያው በር 1-888-793-4357 ነው፤ የከተማዋ የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት መስመር ነው፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ዋና ቋንቋዎችም አማርኛ አንዱ ነው። ከባድ ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም ቺልድረንስ ናሽናል ሆስፒታል የልጆች ሳይካትሪ ባለሙያዎች አሉት፤ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሩቅ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ እያንዳንዱን አካባቢ የሚያገለግል ኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ የሚባል የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት አለ። ፌርፋክስ ለምትኖሩ የአስቸኳይ መስመሩ 703-573-5679 ነው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የየራሳቸው አላቸው፤ 211 ወይም የልጁ ትምህርት ቤት ካውንስለር ይነግሯችኋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች

በመጀመሪያው ቀን ልጁ ምንም ላይናገር ይችላል። ከክፍሉ ሲወጣ «ምን አለህ? ምን አልካት?» ብላችሁ አትጠይቁት። እራት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ «አልወደድኳትም» ካለ ባለሙያ መቀየር ነውር አይደለም፤ ለሷም ንገሯት፣ ሌላ ታገናኛችኋለች። መድኃኒት ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ ተከታተሉት፤ የድባቴ መድኃኒቶች ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ወጣቶች በዚያ ወቅት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊብስባቸው እንደሚችል ይናገራል። እንቅልፍ ካጣ፣ ከተቅበጠበጠ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ደውሉ።

መጀመሪያ ላይ የጠቀስኳትን እናት በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ አስቆምኳትና የክሊኒኩን ስልክና ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል በወረቀት ጻፍኩላት። በማግስቱ ጧት ከሥራ ቦታዋ ደወለች፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ሰጧት። ሐሙስ ዕለት ሌላ አስተርጓሚ ነበር የተመደበው። ልጁ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ እሷ ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ገባች።